ሰውየው የት አለ? አንድ የ1912 ሥዕልን እንዴት እናንብብ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የማርሴል ዱሻምን «ደረጃ የሚወርድ እርቃን ገላ፣ ቁጥር 2» የተባለውን ሥዕል ፈልጉት። አገኛችሁት? መጀመሪያ የታያችሁ ምንድነው? ብዙ ሰው የሚመልሰው ተቀራራቢ ነገር ነው፦ የተከመረ ጣውላ፣ የተጣጠፈ ቆርቆሮ፣ ተፈታቶ የተዘረገፈ ማሽን። ቀለሙም የእንጨት ቀለም ነው፤ ቡናማ፣ ቢጫማ፣ ጥቁር። ርዕሱ ግን ስለ ሰው ገላ ነው የሚናገረው። ታዲያ ሰውየው የት አለ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች ሥዕሉ ፊት ተጋፍተው ይህንኑ ጠይቀዋል። ጋዜጦች አሹፈውበታል። አንድ የሥነ ጥበብ ጋዜጣማ እንቆቅልሹን ለሚፈታ 10 ዶላር ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ወደዚህ ሥዕል የመጣሁትም በካሜራና በግራፍ በር በኩል ነው። በዚያ በር ስትገቡ ጥያቄው ትንሽ ይለወጣል፦ ሠዓሊው ከሰው ላይ ምኑን ጣለ? ምኑንስ አስቀረ? ይህን ስትጠይቁ የጣውላው ክምር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ከሥዕሉ በፊት ወደነበሩት 30 ዓመታት እንመለስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን የማይደርስበት ቦታ

ነገሩ የሚጀምረው ከፈረስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የተከራከሩበት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ ወይስ አይነሱም? ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ቆማችሁ ብታዩት መመለስ አትችሉም፤ እግሮቹ ከዓይናችሁ ይፈጥናሉ። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረስ መሮጫ ዳር 12 ካሜራዎችን ደረደረ። ፈረሱ ሲያልፍ ካሜራዎቹ ተራ በተራ አነሱት። መልሱም ተገኘ፦ አዎ፣ አራቱም ይነሳሉ። የሚነሱት ግን ሠዓሊዎች ሲሥሉት እንደኖሩት የፊት እግሮች ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ ተዘርግተው ሳለ አይደለም። አራቱም ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው።

አስቡት፤ ስንት ታላላቅ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሥለዋል! ማይብሪጅ ከዚያ ወደ ሰዎች ዞረ። በ1887 ባወጣው፣ 781 ሰሌዳዎች ባሉት ሥራው ውስጥ የሚሮጡ፣ የሚዘሉ፣ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ቅጽበት በቅጽበት ተነስተዋል።

በዚያው ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለ የሰውነት አሠራር አጥኚ ሐኪም ነበር። (የሚገርመው፣ ማሬና ማይብሪጅ በአንድ ዓመት በ1830 ተወልደው በአንድ ዓመት በ1904 ነው የሞቱት።) የማሬ ፍላጎት ከማየት ያለፈ ነበር፤ መለካት ፈለገ። በ1882 ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ። ጥይት አልነበረውም፤ ቃታው ሲሳብ በሴኮንድ 12 ምስል ያነሳል። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጣ፦ አንድ ካሜራ፣ አንድ የፎቶ መስታወት፣ ከፊቱ ቀዳዳዎች ያሉት የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ። ቀዳዳው በካሜራው ዓይን ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ምስል ይመዘገባል። ሰውየው በጥቁር ግድግዳ ፊት ሲራመድ ምስሎቹ ሁሉ በዚያው በአንዱ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ያርፋሉ።

ችግር ግን መጣ። ሰውየው ቀስ ብሎ ከተራመደ ምስሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ሆድ በጀርባ፣ ጭን በጭን ላይ ይወጣና ሁሉም ነጭ ጭጋግ ይሆናል። መረጃው በጣም ስለበዛ ምንም አይነበብም ማለት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የማሬ መፍትሔ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። በ1883 ሰውየውን ከራስ እስከ እግር ጥቁር ልብስ አለበሰው። ጥቁር ልብስ ጥቁር ግድግዳ ፊት አይታይም። ከዚያ በእጁና በእግሩ ርዝመት የሚያበራ ነጭ መስመር፣ በመጋጠሚያዎቹም ላይ ነጭ ነጥብ አደረገበት። ውጤቱ ምን ሆነ? ፊት የለም፣ ሆድ የለም፣ ቆዳ የለም። እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ መስመሮች ብቻ ቀሩ፤ ጉልበቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ዳሌው ከፍና ዝቅ ሲል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማሬ ሰውየውን አጥፍቶ እርምጃውን አገኘው።

«አብስትራክት» የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን ያስፈራናል፤ ሠዓሊዎች ሰው ለማደናገር ያመጡት ነገር ይመስለናል። ይሄው፣ ከአንድ ሐኪም ቤተ ሙከራ ውስጥ አገኘነው። አንድን ነገር አጥርቶ ለማየት ሌላውን መጣል ማለት ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ይህን በመጀመሪያው ዓመት ትሠሩታላችሁ፦ አንድ ሙሉ መኪና በአንድ ሳጥንና በጥቂት ቀስቶች ይወከላል። ቀለሙ፣ ባለቤቱ፣ ወደየት እንደሚሄድ አያስፈልግም። ክብደቱና የሚገፉት ኃይሎች ይበቃሉ።

የጣውላውን ክምር ስናነብ

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ዱሻም በ1912 መጀመሪያ ሲሠራው የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ሸራው 147 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 89 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው። የማሬን ፎቶግራፎች አይቶ እንደነበር ዱሻም ራሱ በኋላ ተናግሯል።

በመጀመሪያ አቅጣጫውን ፈልጉ። ዓይናችሁን ከላይ ከግራ ጥግ ጀምራችሁ ወደ ታች ወደ ቀኝ አውርዱት። ከላይ ያለው ጨለም ያለና የተጨናነቀ ነው፤ እየወረደ ሲሄድ እየጠራና እየገዘፈ ይመጣል። ልክ መስመር እንደምታነቡ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ጊዜም በዚያው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከላይ በግራ ያለው «ቅድም» ነው፤ ከታች በቀኝ ያለው «አሁን»።

ቀጥሎ ከጥጎቹ አካባቢ ደረጃዎቹን ፈልጉ። እነሱ ቆመዋል፣ አይደጋገሙም። የማይንቀሳቀስ ነገር ካልተገኘ የሚንቀሳቀሰውን ማወቅ አይቻልምና ሥራቸው ትልቅ ነው።

ከዚያ እግሮቹን ተመልከቱ። ረጃጅም ሰሌዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ መካከላቸው ላይ እንደ ማጠፊያ ታጥፈው ታያላችሁ። ያ ጉልበት ነው። አንዱን ካገኛችሁ በኋላ ከጎኑ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ይመጣል። ለመቁጠር ብትሞክሩ ግን ይጠፋችኋል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ከእግሮቹ በላይ የዳሌው ጉብታ፣ የወገቡ ጥምዝ፣ ዘንበል ያለ ትከሻ ይደጋገማሉ። መሐል አካባቢ ደግሞ በትናንሽ ነጭ ነጥቦች የተሠራ ቅስት አለ። ይህ ነጥብ ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ፤ ማሬ በመጋጠሚያዎች ላይ ያደረጋቸውን ነጥቦች አስታውሱ።

እንግዲህ ሒሳቡን እናድርግ። የተጣለው፦ ፊት፣ ፀጉር፣ ቆዳ፣ ጣት፣ ዕድሜ። የቀረው፦ መጋጠሚያ፣ ክብደት፣ ማዘንበል፣ ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል። ሰውየው አልጠፋም፤ ከሰውየው ላይ መውረዱ ብቻ ነው የቀረው።

አንድ የተጣለ ነገር ደግሞ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስትመልሱ ወዲያው ትጣበቃላችሁ፦ «የሚወርድ» ነው ወይስ «የምትወርድ»? ግሳችን ጾታ ሳይነግረን አያልፍም። በፈረንሳይኛው ርዕስ ያለው ቃል በሰዋስው ወንዴ ቢሆንም እርቃን ገላን በጠቅላላ የሚሠይም የሥዕል ዓይነት ስም ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት አይነግራችሁም። የኒው ዮርክ ተመልካቾች ግን ሴት እየፈለጉ ነበር። የ10 ዶላሩን ሽልማት ያገኘው መልስ በግጥም የቀረበ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ «ሴት አይደለችም፤ ወንድ ነው እንጂ» የሚል ነበር። እኔ «ገላ» የሚለውን ቃል የጨመርኩት ከዚህ ምርጫ ለማምለጥ ነው።

ፎቶግራፉን ቀድቶት ነው እንዴ?

እዚህ ላይ «በቃ ገባን፣ የማሬን ፎቶ በቀለም ገልብጦታል» ልትሉ ትችላላችሁ። ቆይ፣ አንድ ነገር እንሞክር። ከማሬ ፎቶግራፍ ላይ የሰውየውን ፍጥነት ማስላት ትችላላችሁ፤ በምስሎቹ መካከል ያለው ጊዜ እኩልና የታወቀ ነው፣ ርቀቱም ይለካል። ከዱሻም ሥዕል ላይ ግን ፍጥነት ለማውጣት ብትሞክሩ አይሆንላችሁም። ክፍተቶቹ እኩል አይደሉም፣ አካላቱ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማሬ በብዙ ድካም ያስወገደውን መደራረብ ዱሻም ሆን ብሎ መልሶ አመጣው።

ለምን? መልሱን ደረጃ ስትወርዱ በራሳችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ስትወርዱ 12 የተለያዩ አቋሞች አይሰሟችሁም። አንዱ እርምጃ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ክብደታችሁ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይፈስሳል። መለኪያው የቆራረጠውን ሥዕሉ መልሶ ሰፋው። የሰፋው ግን መለኪያው በሰጠው ቁርጥራጭ ነው።

የዘመኑ ሠዓሊዎችም እዚህ ላይ ነው ግራ የተጋቡት። ኩቢስቶቹ፣ ማለትም የፒካሶንና የብራክን መንገድ የተከተሉት፣ አንድን ነገር ከብዙ ጎን በአንድ ጊዜ ያሳዩ ነበር። በነሱ ሥዕል ነገሩ ቆሟል፣ የሚዞረው ተመልካቹ ነው። በዱሻም ሥዕል የሚንቀሳቀሰው ገላው ራሱ ነው። ፉቱሪስት የተባሉት ጣሊያኖች በበኩላቸው እንቅስቃሴን ያወድሱ ነበር፤ በየካቲት 1912 ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍተዋል። እነሱ ደግሞ በ1910 ባወጡት መግለጫ እርቃን ገላ መሣል ለ10 ዓመት እንዲቆም ጠይቀው ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ለኩቢስቶች ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ለፉቱሪስቶች ርዕሰ ጉዳዩ ያረጀ ነው። ከማንም ጋር አልገጠመም።

ጥቁር ልብስ የለበሱት ወንድሞች

በመጋቢት 1912 ዱሻም ሥዕሉን የነጻ ሠዓሊዎች ሳሎን ለተባለው የፓሪስ ኤግዚቢሽን አቀረበ። ይህ ኤግዚቢሽን የተመሠረተው ዳኛም ሽልማትም እንዳይኖረው ተብሎ ነው። ሥዕሎቹን የሚሰቅሉት ኩቢስቶች ግን ደስ አላላቸውም። በተለይ ርዕሱ አስቸገራቸው። በአውሮፓ የሥዕል ልማድ እርቃን ገላ ይጋደማል፣ ይቆማል፣ ይታጠባል። ደረጃ አይወርድም! ቀልድ መሰላቸው።

መልእክቱን እንዲያደርሱ የተላኩት የዱሻም ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ናቸው፤ ሠዓሊው ዣክ ቪዮንና ቀራፂው ሬሞን ዱሻም ቪዮን። እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ጥቁር ልብስ ለብሰው መጡ። ቢያንስ ርዕሱን እንዲቀይር ጠየቁት። ችግሩ ርዕሱ በወረቀት የተለጠፈ አልነበረም፤ ከታች በግራ በኩል በትልልቅ ፊደል ሸራው ላይ ተሥሏል። ዱሻም አልተከራከረም። ሄዶ ሥዕሉን አነሳና በታክሲ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ከማንም የሠዓሊዎች ቡድን ጋር መጣበቅ እንዳልፈለገ በኋላ ተናግሯል።

ሥዕሉ በዚያው ዓመት ባርሴሎና ታየ፤ በጥቅምት ፓሪስም ውስጥ ታየ። ብዙ ጫጫታ አልነበረም። ጫጫታው ውቅያኖስ ማዶ ይጠብቀው ነበር።

የካቲት 17 ቀን 1913 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የጦር ክፍለ ሠራዊት አዳራሽ 1,300 ገደማ ሥራዎች የቀረቡበት የአዲስ ሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከሁሉ በላይ የተወራለት የዱሻም ሥዕል ነበር። አንዱ ጸሐፊ የጣሪያ ክዳን የእንጨት ሰሌዳ የሚሠራ ፋብሪካ ሲፈነዳ ይመስላል አለ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቤታቸው ውስጥ ካለ የናቫሆ ሕዝቦች ምንጣፍ ጋር አወዳድረው ምንጣፉን መረጡ። አንድ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ደግሞ በሥራ መውጫ ሰዓት የምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ላይ የሚጋፋ ሕዝብ ሣለበት።

እኔን የሚያስቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ካርቱኒስቱ ያሾፈ መስሎት ሥዕሉን በትክክል አንብቦታል። ፊት የሌለው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ወደ ታች የሚፈስ የሰው ገላ። ይህን በየቀኑ የሚያዩት የኒው ዮርክ ሰዎች ናቸው።

ሥዕሉን ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ነጋዴ በ324 ዶላር ገዛው። ዛሬ የሚገኘው በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው።

ጥያቄው ይመለሳል

አሁን ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለስ። «ሰውየው የት አለ?» ብለው የጠየቁትን ሰዎች «አልገባቸውም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ከጥያቄያቸው ውስጥ እውነተኛ ጭንቀት የምሰማ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የማሬ ቤተ ሙከራ ካጠናቸው ነገሮች አንዱ የወታደር አረማመድ ነው፤ ወታደር ሸክም ተሸክሞ እንዴት ሲራመድ ነው የማይደክመው? ሥዕሉ ከመሠራቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1911፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ስለ «ሳይንሳዊ አመራር» መጽሐፉን አወጣ፤ የሠራተኛን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት ለክቶ ትርፉን መቁረጥ ነው ሐሳቡ። በዚያው ዘመን ፍራንክ ጊልብሬዝና ሊሊያን ጊልብሬዝ የተባሉ ባልና ሚስት በሠራተኞች እጅ ላይ ትናንሽ አምፖሎች አስረው ፎቶግራፍ ያነሱ ነበር። ፎቶው ላይ የሚቀረው የእጁ መንገድ ብቻ ነው፤ የብርሃን መስመር በጨለማ ውስጥ።

ዘዴው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተጣለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነው። ማሬ የጣለው ፊት ከቤተ ሙከራው ሲወጣ ወደ ሰውየው ይመለሳል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሰዓት የያዘው ተቆጣጣሪ የሠራተኛውን ድካም፣ ስሜትና ስም ከወረቀቱ ላይ ከጣለ በኋላ፣ ያ ወረቀት ተመልሶ ሠራተኛውን ያዘዋል፦ «እንዲህ ተንቀሳቀስ» ይለዋል። ሞዴሉ ሰውየውን መግለጹን ትቶ ሰውየውን መቅረጽ ይጀምራል።

ዱሻም ይህን ተቃውሞ ነው የሣለው ማለቴ አይደለም። ያደረገው ግን ግልጽ ነው፦ አውሮፓ ለዘመናት የውበት መለኪያ ያደረገችውን እርቃን ገላ ወስዶ በአዲሱ የመለኪያ ቋንቋ ጻፈው። ተመልካቹ በዚያ ሸራ ላይ ራሱን እንደ ማሽን አየ። ቢቆጣ ይገርማል?

ነገሩ ደግሞ አላለፈም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ዛሬ ስንት እርምጃ እንደሄዳችሁ ያውቃል። የሚያስቀረው የመንቀጥቀጡን መጠን ነው፤ ወደ ማን እየሄዳችሁ እንደነበር ግን ቁጥሩ ውስጥ የለም። ሆስፒታል ውስጥ የታማሚን አረማመድ የሚያጠኑ ባለሙያዎች በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ይለጥፋሉ፤ የፊልምና የጌም ሠሪዎችም እንደዚያው። የማሬ ነጥቦች ናቸው። ያለ እነሱ ብዙ ታማሚ በደንብ ባልተረዳነው ነበር፤ ስለዚህ መጣል በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው የጣሉትን መርሳት ነው።

እንግዲህ ቀጥሎ የማይገባችሁ አብስትራክት ሥዕል ፊት ስትቆሙ «ይሄ ምንድነው?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ተጣለ? ምን ቀረ? የቀረው የተሻለ እንዲታይ ነው የተጣለው፣ ወይስ ያለምክንያት? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ምናልባት ሥዕሉ ደካማ ነው፤ እንደዚያ ማለትም መብታችሁ ነው። እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ስለ ሰው የሚያወራ ግራፍ፣ ሠንጠረዥ ወይም ውጤት ባያችሁ ቁጥር ድገሟቸው፤ አንድ አራተኛ ጨምራችሁ፦ የተጣለው ነገር የማን ነበር?